ፎቶግራፍ ማንሣት ምንም አይወስድምን?

«ወደ ዱር የሄደ ሰው ከፎቶግራፍ በቀር ምንም ይዞ አይመለስ፤ ከእግሩ ዱካ በቀርም ምንም ትቶ አይምጣ» የሚል ምክር በብዙ አገሮች ለብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ይሰጣል። ምክሩ መልካም ነው። አበባ ከመቅጠፍ፣ እንጨት ከመስበር፣ ቆሻሻ ከመጣል ይከለክላልና። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመረምር ያልፋል። ይኸውም ፎቶግራፍ ማንሣት በእርግጥ ምንም አይወስድምን? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣነው ከመጽሐፍ አግኝተን ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ስለ ሆነ፣ አስቀድመን የሆነውን እንናገራለን።

ባለፈው ጥር ወር 14 የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ከእምድብር ተነሣን። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በልተን በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ወረድን። ከመካከላችን የሰሜን ተራሮችን ዋልያና የአዋሽን ሳላ በሥዕል የማያውቅ አልነበረም። በገዛ ዞናችን፣ ከደጃችን ሥር ብሔራዊ ፓርክ መኖሩን ግን አብዛኞቻችን የሰማነው በቅርቡ ነው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የተባለው ለእኛ ዓይነቱ ነው።

ከወልቂጤ ሲያልፉ መንገዱ ወደ ቆላ ያዘቀዝቃል። የለመድነው እንሰትና ባሕር ዛፍ እየራቀ ግራርና ረጅም ሣር ይተካል፤ አየሩም ይሞቃል። ግቤ ራሱ ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ የሚዘልቅ ታላቅ ወንዝ ነው። ሸለቆው ለረጅም ዘመን ሳይታረስ የቆየበት አንዱ ምክንያት የገንዲ በሽታ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ የአርሶ አደሩን በሬ እየገደለች ሰፋሪውን ስትመልስ፣ የዱር እንስሳው በዚያው ተጠልሎ ቀረ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዚህ ሸለቆ ስለ ዝንቧና ስለ ከብቱ ሲያጠና ቆይቷል። እንግዲህ ልብ እንበል፦ እኛ ዛሬ «እንዴት ያምራል!» የምንለው ዱር ለአያቶቻችን የበሬ መቃብር ነበረ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ከወንዙ ዳር ደረስን። ጉማሬዎቹ ከውኃው ውስጥ ተኝተዋል። የሚታየው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስልካችንን ደግነን ጠበቅን፤ አልተነሡም። ከመካከላችን አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ሳቅን። ሁለተኛውን ሲወረውር አንዲት ግልገል ያላት ጉማሬ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ ተነሣች፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አነሣናት። ሥዕሉ ግሩም ነበር። ከዚያ በኋላ መንጋው በሙሉ እየተጋፋ ወደ ታችኛው ውኃ ሄደ። አብረውን የወረዱት የጥበቃ ሠራተኛ በዕድሜ አባቶቻችንን የሚያህሉ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ አይችልም፤ ቀን ውኃ ውስጥ የሚውለው ለዚያ ነው። ከዚህ ካስነሣችሁት ሌላ ውኃ ይፈልጋል፤ ማታ የሚወጣውም በሌላ በኩል ነው። በዚያ በኩል ደግሞ የሰው በቆሎ አለ» አሉን። ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር የሚበላ እንስሳ ነው።

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ድንጋዩ ትንሽ፣ እንስሳው ትልቅ ነው፤ አልቆሰለም፤ ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?» አልን። ሌሎቻችን «ጥፋት የሚለካው በቁስል ብቻ ከሆነ፣ የተኛን ሰው ለሳቅ ብሎ ማስደንገጥም ጥፋት አይደለም ማለት ነው» ብለን መለስን። ነገሩን በኋላ ረጋ ብለን ስናስበው ጥፋቱ ከአንድ በላይ ሆኖ አገኘነው።

አንደኛው በእንስሳይቱ ላይ ነው። እርስዋ ግልገሏን ለመጠበቅ የከፈተችው አፍ ለእኛ ትርዒት ሆነ። ሁለተኛው ከቶ በማናውቀው ገበሬ ላይ ነው። እኛ ሥዕላችንን ይዘን ስንመለስ፣ በዚያች ሌሊት ማሳው ዳር እሳት አንድዶ ያደረ ሰው ቢኖር የደስታችንን ዋጋ የከፈለው እርሱ ነው። ሦስተኛው በተመልካቹ ላይ ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ የዱሩን ጠባይ ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የድንጋያችንን ውጤት ነው። ከዚህም ይልቅ የሚከፋው፣ እርሱም በተራው ያንኑ አፍ ፍለጋ ይመጣል፤ ጉማሬዋ ዝም ካለችው ከእኛ የበለጠ ድንጋይ ያነሣል። ስለዚህም ካሜራው አንዳች አልወሰደም ማለት አይቻልም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሆኗል። ከፍ ካለ ቦታ ሸለቆውን ስናነሣ አንዲት እናት የማገዶ እንጨት ተሸክመው በፊታችን አለፉ። «እማማ፣ ትንሽ ገለል ይበሉልን፤ ዱሩን ብቻ ነው የምናነሣው» አልናቸው። እርሳቸውም ሸክማቸውን ሳያወርዱ ገለል አሉና «ዱሩማ እኛም ያለንበት ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ አልገባንም፤ ዛሬ ግን ከድንጋዩ ይልቅ የሚከብደን ይህ ነው።

ይህ የእኛ ስሕተት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1871 ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣቸው የየሎስቶን ሥዕሎች፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1872 አካባቢው የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ እንዲከለል ረድተዋል። ሥዕል ምድርን ሊያድን እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ በዚያ ይኖሩና ያድኑ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ከምድራቸው እንዲርቁ ተደረገ፤ ሕዝቡም ምድሪቱን ሰው ያልነካት አድርጎ ማየት ለመደ። በእኛም አገር የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መካከል ገብቶ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው በሌላ ስፍራ ሰፍረዋል። ዋልያው እንዲተርፍ ይህ ያስፈልግ ነበር የሚል ሰው ምክንያት አለው፤ እኛም እንስሳው ይጥፋ አንልም። የምንለው፣ ለውበቱ ዋጋ የከፈለውን ሰው ከሥዕሉም ከትዝታችንም ማስወጣት ሁለተኛ በደል ነው።

ታዲያ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቅር? አይደለም። ሥዕል ባይኖር እኛም ግቤን ለማየት ባልተነሣን ነበር። ለራሳችን ያወጣነው መመዘኛ አጭር ነው። ሥዕሉን ለሰው ስናሳይ እንዴት እንዳነሣነው በሙሉ ልንናገር እንችላለን? ከተናገርን በኋላ የምናፍር ከሆነ፣ ወይም የምንደብቀው ነገር ካለ፣ ያ ሥዕል በስርቆት የተገኘ ነው። ጠብቆ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሳይገፉ የተገኘ ግን ስጦታ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ያቺን አፍ የከፈተች ጉማሬ ልንሰቅል አሳትመን ነበር። ድንጋዩን የወረወረው ወንድማችን «ይሰቀል፤ ከሥሩም ድንጋይ ወርውረን ያነሣነው ተብሎ ይጻፍ» አለ። ሐሳቡን አከበርንለት፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ እንዳይመስል «ወርውረን፣ ስቀንም» ብለን እንድንጽፍ ተስማማን። በኋላ ግን ይህም ቢሆን ሥዕሉን ማስወደድ ነው ብለን ተውነው። የሰቀልነው ከድንጋዩ በፊት የተነሣውን ነው። ሁለት ጆሮና ብዙ ውኃ ብቻ ይታይበታል።

ሕፃናቱ በየእሑዱ ቆመው «ጉማሬው የታለ?» ይሉናል። ያን ጊዜ ለምን ተደብቆ እንደቀረ፣ እኛም ምን እንዳደረግን እንነግራቸዋለን። የእማማን ሥዕል ግን ልናሳያቸው አንችልም፤ ገለል ይበሉ ብለናልና።