ውኃ ሲወድቅ

ወራጅ ውኃ እየጠጣ ላደገ የደጋ ሰው፣ ውኃም ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት እንግዳ ነገር ነው። ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ወደ ጣና የሚወርደውን መገጭን በክረምት ቆሞ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ ነጭ አረፋ ጌጥ ይመስለው ይሆናል እንጂ ውኃው በየመውደቂያው አየር እየሳበ መሆኑን ልብ አይልም። ወንዝ የሚተነፍሰው በመውደቁ ነው፤ ባሕር በማዕበሉ፣ ሐይቅም ነፋስ ሲያናውጠው። ከዚህ ሁሉ ጥቂት ቀንሰን በመስታወት ስናኖር፣ ውኃውን ወሰድን እንጂ ቁልቁለቱን አልወሰድንም።

ቤቴ ባለው የዓሣ ገንዳ ጥግ ሌት ተቀን አረፋ የምትተፋው ትንሽ ሞተር የዚያ ቁልቁለት ምትክ ናት። ማታ መብራት ሲሄድ፣ ሰፈሩ ሻማና ክብሪት ሲፈልግ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የቆመው አረፋ ነው። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እኛ ለምደነው አናስተውለውም፣ ውኃው ግን በባሕር ዳርቻ ሊይዘው ይችል ከነበረው ኦክስጅን ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጎድልበታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከአየር ጋር ከሚነካካው ከውኃው የላይኛው ገጽ አፋቸውን አስጠግተው፣ ክብ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የእጅ ባትሪ ቢበራባቸው እንኳ አይሸሹም። ያን ጊዜ ጆግ አንሥቶ፣ ከዚያው ቀድቶ፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ እንግዳን እጅ እንደማስታጠብ፣ ሳይቸኩሉ፣ የውኃው ክር እንዳይበጠስ እየተጠነቀቁ። ክንድ ይዝላል፤ ይቀያየራል፤ ደግሞ ይቀዳል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ጥሞና የለም።

አንዳንዴ እጄ በዚህ ሥራ ላይ እያለ ሐሳቤ እጅግ ወደሚከብደው ገንዳ ይሄዳል፤ ከቀይ ባሕር ዓይነት ውኃ ቆንጥረው ኮራል በመስታወት ወደሚያሳድጉት የሌላ ሀገር ሰዎች። ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ያስጠለላቸው ረቂቅ አልጌዎች ብርሃን ሳለ ይመግቡታል፣ ኦክስጅንም ይሰጡታል፤ ሲጨልም ግን እነሱም እንደ እርሱ ተቀባይ ይሆናሉ። ዓሣውም፣ በድንጋዩ ሽንቁር የተሸሸገው ባክቴሪያም፣ በጨለማ ሁሉም ወሳጅ ነው፤ የሚሰጥ የለም። ጨዋማና ሞቃት ውኃ ደግሞ ከወንዝ ውኃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ምጽዋ ላይ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ፣ ጎንደር ላይ ከ5 እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ መብራት የሄደባቸው ኮራል አሳዳጊዎች ሙቀቱ እንዳያመልጥ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይጠቀልላሉ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር መንፊያ ይከፍታሉ፣ ለዓሦቹም ምግብ ይከለክላሉ፤ የበላ ብዙ ይተነፍሳልና፣ የተረፈውም ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ጿሚ ሀገር ውስጥ ስለኖርኩ ይሆናል፣ ከእንክብካቤያቸው ሁሉ ይህ መከልከል ልቤን ይነካዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የትንሿ ሞተር ጉልበት ራሱ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ነው። በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ የጣናን ውኃ በረጅም የመሬት ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ይጥለዋል፤ በዚያ መውደቅ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ኃይሉም ወደ ሀገሪቱ መስመር ይገባል። መገጭ ከኛ ደጋ አውርዶ ለሐይቁ የሰጠው ውኃ፣ ሌላ ገደል ወርዶ፣ በሽቦ ተመልሶ መጥቶ፣ በገንዳዬ ጥግ አረፋ ይሆናል ማለት ነው። የፋሲል መዋኛ እንኳ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በተጠለፈ ውኃ ነው፤ ቁልቁለትን ይዞ፣ ማንም ሳይገፋው። ያንን ያነጹ ሰዎች ስለ ውኃ ከኛ አብልጠው ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጣና ዓሦችም ያውቃሉ። ላቤኦባርበስ ከሚባለው ወገን፣ ብዙዎቹ በዓለም ከዚህ ሐይቅ በቀር የማይገኙ፣ ክረምት ሲገባ ረግቶ የተኛውን ውኃ ትተው በጉማራ፣ በድርማ፣ በመገጭ ሽቅብ የሚወጡ አሉ፤ አየር የጠገበ ውኃ የሚያልፍበትን ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ እንቁላሉም የሚተነፍሰው በዚያ ውኃ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ግን በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ይጫናል፤ ውኃው ለመስኖ ይጠለፋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ ከክምችታቸው ሦስት አራተኛው ገደማ እንደጠፋ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ለገንዳዬ ክንዴ ይደርስለታል፤ መብራቱም አንድ ሰዓት ላይ ወይ እኩለ ሌሊት ላይ «መጣ!» የሚሉ ልጆች እየጮኹለት ይመለሳል። ለመገጭ ጆግ የሚያነሣለት የለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መረቡ ከወንዙ አፍ ቢነሣ፣ ጠጠሩም በቦታው ቢተው፣ ዓሦቹ የሚለምኑት ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ወንዙ ራሱ እየወደቀ ይሠራላቸዋል።