ያቺ ጠርሙስ

ልጄ፣ ባለፈው ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሻትን ጠርሙስ አይቼ ዝም ያልኩት እንግዳ ስለነበረ ነው። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ገዛኋት አልሽ። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ትላለች፤ ለደም ማነስ፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለወገብ። መነጽሬን አድርጌ ዙሪያዋን ፈለግሁ። የያዘችውን የቅጠል ዱቄት ማን እንዳዘጋጀው፣ የት እንደተፈጨ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ አንድ ቃል የለም። ለአራት በሽታ የሚሆን ዱቄት ባለቤት ጠፋለት!

ቅጠል ጠልቼ አይደለም፤ በሀለኮና በዳማ ከሴ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን እናቴ ዳማ ከሴውን ከጓሮ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ የምታጠጣኝ ዓይኔ እያየ ነበር። ያንቺን ማን ቀጠፈው? በምን ውኃ በቀለ? አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይሆን የደረቀው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ተክል ከአፈሩ የሚስበው የሚጠቅመውን ብቻ አይደለም፤ እርሳስና ካድሚየም ካሉበት እነሱንም ይዞ ይወጣል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያጠፋም።

አፈር ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ወላይታ ከማንም በፊት ሊገባው ይገባል። የእግር እብጠቱን ስንት ዘመን እርግማን ነው እያልን ሰውን ከሰርግና ከማኅበር አገለልን? ኋላ ሲጠና በባዶ እግር ከቀይ አፈሩ የሚገባ፣ ዓይን የማያየው ደቃቅ ማዕድን ሆኖ ተገኘ። ጫማ ይከላከለው ነበር። (ይህን ሳስብ ዛሬም የአንድ ጎረቤቴ ፊት ይመጣብኛል።)

ደግሞ ሁሉም ከአፈር አይመጣም፤ የሰው እጅም አለበት። ባንግላዴሽ ውስጥ የነፍሰ ጡሮች ደም ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት፤ ተመራማሪዎች ዱካውን ተከትለው እርድ ላይ ደረሱ። ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት፤ መንግሥት አጥፊዎችን ሲቀጣና ሕዝቡ ሲነቃ በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ።

ነፍሰ ጡር የምልሽም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስት ወርሽ ነው። እርሳስ እንደ ካልሲየም ተመስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ዓመታት ይተኛል። እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወደ ደሟ ይመለስና ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የሚነካውም አእምሮውን ነው። ዛሬ ጠጥተሽ ነገ አያምሽም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለክፉም ነገር ይሠራል። ደም ልተካ ብለሽ ልጅሽን ብትጎጂ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብናል።

ለደም ማነሱ ጤና ጣቢያ ለእርጉዞች የሚሰጠው የአይረን እንክብል አለልሽ። ይመር፣ ሆድ ያድርቅ፣ ዋጪው። ሻጩ «የተመዘገበ ነው» ካለሽ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የምዝገባ ቁጥር ያሳይሽ፤ ሲያፈገፍግ ታዪዋለሽ።

ሰኞ ለክትትል ስትሄጂ ጠርሙሷን እንዳትጥያት፤ እንደያዝሻት ሂጂና ለአዋላጇ አሳዪያት፤ ስንት ማንኪያ እንደጠጣሽ አትደብቂያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ማታ እኛ ቤት እደሪ፤ አክስትሽ ከጓሮ ሀለኮ ቆርጣ በቆጮ ልትሠራልሽ ነው።