ለእልኸኛ ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የሲሚንቶ ሜዳ ዳር ቆሜ ቅርጫት ኳስ ስትጫወቱ አየኋችሁ። ደስ ስትሉ! ላብ በላብ ሆናችሁ፣ አንዲት ኳስ ላለመልቀቅ ስትታገሉ ሳይ የድሮ ጉልበቴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ረጅሙ ልጅ ዘሎ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈና ወደቀ። ሲጠብቀው የነበረው ልጅ ቁልቁል አየውና «ተነስ ባክህ፣ አታስመስል» አለው። ሳቃችሁ። የወደቀው እያነከሰ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

ያን ቀን ምንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ገባሁ። በሜዳ ዳር ከመቆጣት ረጋ ብዬ ብጽፍላችሁ ይሻላል ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ስለ እልህ የምለው አለኝ። «እልህ ምላጭ ያስውጣል» እያለ የሚመክራችሁ ሽማግሌ ሞልቷል። እኔ ግን እልኸኛ ሁኑ እላችኋለሁ። ያለ እልህ ፈተና አይታለፍም፣ ሥራም አይያዝም። የምፈራላችሁ ንቀትን ነው። ንቀት የእልህን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ የለበሰውን አይቶ ደግሞ ብዙ ጎበዝ ሰው ተታሏል።

ከተታለሉት አንዱ እኔ የማከብረው ሰው ነው፤ አሜሪካዊው ቢል ራስል። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ።

ራስል እ.ኤ.አ. በ1934 በሉዊዚያና፣ መንሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። ጊዜው ጥቁር ከነጭ ጋር አብሮ የማይቀመጥበት፣ ከአንድ ቧንቧ የማይጠጣበት ነበር። ወላጆቹ ያን ኑሮ ሸሽተው ወደ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ወሰዱት። እናቱ ገና በ12 ዓመቱ ሞተችበት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ቀጭንና ድንጉጥ ልጅ ነበር፤ ቡድን ውስጥ ሊገባ ሲሞክር ለጥቂት ሳይጣል ቀረ። አሰልጣኙ 15 መለያ ብቻ እያላቸው እሱን 16ኛ አድርገው ያዙት። ስለዚህ አንዱን መለያ ከሌላ ልጅ ጋር ተካፈለ፤ ዛሬ አንዱ ይለብሳል፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሌላው። ያልደረሰው ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ በኋላ ስለ ዋንጫዎቹ ስትሰሙ ይህችን የጋራ መለያ አስታውሱልኝ። «አንተ አትችልም» የተባላችሁ ካላችሁ በተለይ።

ከዚያ ልጅ የወጣው ተጫዋች በሳንፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1955 እና በ1956 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ ከዚያም በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ወደሚጫወተው ቦስተን ሴልቲክስ ገባ። በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ሻምፒዮን! በዚያ ሊግ ይህን ያህል ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ተጫዋች የለም።

እኔ ከዋንጫዎቹ ይበልጥ የምወደው አጨዋወቱን ነው። ተከላካይ የተወረወረች ኳስ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ በሙሉ ክንዱ ጠልዞ ወደ ተመልካቹ ይልካታል። ሕዝቡ ይጮህለታል፣ እሱም ደረቱን ይነፋል። ዳኛው ግን ኳሷን መልሶ ለዚያው ለተቃራኒው ቡድን ይሰጣል። ራስል እንዲህ አያደርግም ነበር። ይዘልና በጣቶቹ ጫፍ ነካ ያደርጋታል፤ ኳሷ ከሜዳ ሳትወጣ ጓደኛው እጅ ላይ ታርፋለች፤ ተቃራኒው ገና እጁን ሳያወርድ ሴልቲክሶች ወደ ሌላው ቅርጫት እየሮጡ ናቸው። ጭብጨባውን ትቶ ኳሷን ወሰደ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ባልደረባውን በስብሰባ ፊት አሳፍሮ ሥራውን ግን መልሶ ለባላንጣ የሚሰጥ ስንት ሰው አይቻለሁ መሰላችሁ።

እልኸኛነቱስ? ከትልልቅ ጨዋታዎች በፊት ያስመልሰው ነበር። የሕመም አልነበረም፤ ከጭንቀትና ከጉጉት ብዛት ነው። የቡድን ጓደኞቹ ከመጸዳጃ ቤት ያን ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ፤ ዛሬ ራስል ተዘጋጅቷል ማለት ነዋ! ስለዚህ ከፈተና በፊት ሆዳችሁ ሲገለባበጥ ደካማ ነኝ ብላችሁ አትዘኑ።

ክብርን በሚመለከት ደግሞ ራስል ማንንም አልለመነም። በ1961 ሴልቲክስ ለአቋም መለኪያ ጨዋታ ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ ሄደው ሳለ ጥቁር ጓደኞቹ ባረፉበት ሆቴል ምግብ ቤት አናስተናግድም ተባሉ። ራስልና ሌሎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ይዘው ጨዋታውን ሳይጫወቱ ተመለሱ። ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው በሬዲንግ ከተማ ሲኖር ደግሞ ሰዎች ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ዋንጫዎቹን ሰባበሩ፣ ግድግዳው ላይ የዘር ስድብ ጻፉበት። ለአካባቢው ሕዝብ ደስታን ሲያመጣ የኖረ ሰው ነበር። ይህን ሳነብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

በ1966 የሴልቲክስ አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም (እየተጫወተ ነው የሚያሠለጥነው!) በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ጋዜጠኛ፣ ነጮቹን ተጫዋቾች ሳያዳላ ይመራ እንደሆነ ጠየቀው። መልሱ አጭር ነበር፤ ዋናው መከባበር ነው፣ በቅርጫት ኳስ ደግሞ ሰው የሚከበረው በችሎታው ነው አለ። በ1975 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ሲመረጥ በበዓሉ ላይ አልገኝም አለ። ከእሱ በፊት ሊገቡ የሚገባቸው ጥቁር ተጫዋቾች አሉ ብሎ ነው። ቀለበቱን ጣቱ ላይ ያጠለቀው በ2019 ነው፤ በ1950 በዚያ ሊግ ለመመልመል የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ቸክ ኩፐር በክብር አዳራሹ ቦታውን ካገኘ በኋላ። ሰው የሚቀድመውን አስቀድሞ 44 ዓመት ሲጠብቅ አስቡት። ለአድናቂዎቹ ፊርማ አለመስጠቱን ግን እኔ አልደግፈውም። ፊርማውን ከልክሎ እጅ መጨባበጥንና ማውራትን ይመርጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ የቆመ ሕፃን ይህን ከየት ያውቃል?

አሁን ወደተነሳሁበት ልምጣ።

የራስል ትልቁ ተፎካካሪ ዊልት ቻምበርሊን ነበር። ከራስል ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ በነጥብ ማስቆጠር ደግሞ አይወዳደሩም፤ በ1962 በአንድ ጨዋታ ብቻውን 100 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው። ሁለቱ ከ140 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። ቻምበርሊን በ1965 በዓመት 100 ሺህ ዶላር ሊከፈለው ሲፈርም፣ ራስል ወደ ክለቡ ሄዶ 100 ሺህ አንድ ዶላር ጠየቀ፤ ተሰጠውም። አንዷ ዶላር ምን ታደርግለታለች? ምንም። እልህ ግን እንዲህ ነው፤ በእልህነቱ ምንም ነውር የለበትም።

እነዚህ ሰዎች ወዳጆች ነበሩ። አሜሪካኖች በኅዳር ወር የሚያከብሩት የምስጋና ቀን አላቸው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚበላበት። ሴልቲክስ በዚያ ቀን ፊላዴልፊያ ላይ ጨዋታ ሲኖራቸው ራስል ምሳውን የሚበላው ከቻምበርሊን እናት ገበታ ነበር። ከበላ በኋላ የቻምበርሊን አልጋ ላይ ጋደም ይላል። ማታ ሁለቱ ሜዳ ይገቡና ክርን ለክርን ይጋጫሉ፤ ማንም ለማንም አይራራም። ቀን የበላው ምሳ አንዲት ኳስ እንኳ አያስለቅቀውም። ልጆቼ፣ እኔ መከባበር የምለው ይህንን ነው። ወዳጅህ ስለሆነ አቅልለህ ብትጫወትለት ነው የምትንቀው።

ከዚያ ግንቦት 1969 ደረሰ። የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ቻምበርሊን በዚያ ዓመት ለከተማዋ ቡድን ለሌከርስ ይጫወታል። የሌከርስ ባለቤት ድሉን እርግጠኛ ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ፊኛዎችን ጣሪያ ላይ አሰቅሏል፤ ሲያሸንፉ ሊለቀቁ። ራስል 35 ዓመቱ ነው፤ ተጫዋችም አሰልጣኝም ነው፤ ይህ የመጨረሻ ጨዋታው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ቻምበርሊን ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። ኋላ ልመለስ ቢልም አሰልጣኙ አላስገባውም። ሴልቲክስ 108 ለ106 አሸነፉ። ፊኛዎቹ እንደተሰቀሉ ቀሩ።

ራስል በዚህ ዝም ቢል ኖሮ ታሪኩ ሙሉ ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት ግን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ሲናገር፣ ቻምበርሊን ከእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መውጣት አልነበረበትም፣ እግሩ እስካልተሰበረ ድረስ ምክንያት የለውም አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቻምበርሊን ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ራቀ። ያሳለፈውን ሕመም ራሱ ያውቃል። ያ ሁሉ ክርን፣ ያ ሁሉ ግጭት፣ ያቺ አንድ ዶላር ያልበጠሰችው ወዳጅነት በአንድ ንግግር ተበጠሰ። ከሃያ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም።

እዚህ ላይ ብዙ ቆሜ አስቤያለሁ። ራስል በዕድሜ ልኩ ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። ንቀት ምን እንደሚያደርግ ስድብ ከጻፉበት ግድግዳ አይቶታል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የወደቀ ወዳጁን ሕመም ማስመሰል አደረገው? መልሱ ይመስለኛል፣ በራሱ ለክቶት ነው። እሱ እያስመለሰው ይጫወት ነበር፤ እሱ የቻለውን ሌላው ሁሉ የሚችል መሰለው። ጠንካራ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እናንተም ጠንካሮች ናችሁ። የሌላውን ሰው ጉልበት በራሳችሁ ጉልበት አትለኩ፤ ሕመሙ ያለው እሱ ጋ ነው።

ራስል በስተመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። ቻምበርሊንም ተቀበለው፤ በስልክ ይጫወቱ ጀመር። እንደ ድሮ ለመሆን ብዙ ዓመት አላገኙም፤ ቻምበርሊን በ1999 በ63 ዓመቱ ሞተ። በመታሰቢያው ላይ ራስል ቆሞ ተናገረለት። በመካከላቸው የነበረው ጠላትነት ሳይሆን በወዳጅነትና በመከባበር ላይ የቆመ ብርቱ ውድድር እንደነበር ሲናገር ኖሯል። እውነቱን ነው። የምስጋና ቀን ግን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሃያውን ማን ይመልሰዋል?

እኔስ? በወጣትነቴ ለአንድ ክለብ ስጫወት ብርቱ ባላንጣ ነበረኝ። አንድ ቀን በጨዋታ መካከል ደረቱን ይዞ ወጣና አልተመለሰም። ማታ ሻይ ቤት፣ አሥራ አምስት ሰው በተሰበሰበበት «ፈርቶኝ ነው» አልኩ። ተሳቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል መተኛቱን ሰማሁ። ልጠይቀው አልሄድኩም፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ከዚያ እሱ መጫወት አቆመ፣ እኔም ወደ ማስተማሩ ገባሁ፣ ዓመታት ሄዱ።

የተገናኘነው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሄጄ ሰላም አልኩት። እጄን እንደያዘ «ጉልበትህ እንዴት ነው? ያኔ ግራው ያምህ ነበር» አለኝ። ግራ ጉልበቴ እንደሚያመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለካ ሲጠብቀኝ አይቶታል፤ አይቶም በዚያ በኩል ገፍቶኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ መያዝ አቃተኝ። ሻይ ቤት ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት።

«ሰምቻለሁ» አለኝ፣ «ያንኑ ማታ ነግረውኛል።» ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ቡና ይዛ ለምትዞረው ልጅም ሁለት ጣቱን አሳያት።