ደስታም ሥርዓት ይሻል

በአገራችን ከተሞች እንግዳ ከግቢ በር ሲደርስ ከሰላምታ አስቀድሞ የሚያሰማው ቃል ብዙ ጊዜ «ውሻችሁን ያዙልኝ!» የሚል ነው። ከውስጥ የሚመለስለትም መልስ «ግቡ፣ አይነካችሁም!» የሚል ነው። ይህ መልስ በቅን ልቡና ቢነገርም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በተለይ ውሻው ከመንገድ ተነሥቶ በምሕረት የተጠለለ እንደ ሆነ፣ ሰው ባየ ቁጥር ደስታው ከልክ ያልፋል፤ በሁለት እግሩ ቆሞ በእንግዳው ደረት ላይ ይወጣል፤ ነጠላውን ይጎትታል፤ እጁንም በጥርሱ ለቀም ያደርጋል። እንግዳው ይደነግጣል፤ ባለቤቱም አንድ ጊዜ ይስቃል፣ አንድ ጊዜ ዱላ ያነሣል።

ነገሩ ለብዙዎች ተራ የቤት ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም፣ ውድ አንባብያን፣ ቀረብ ብለን ስንመረምረው የግብረ ገብ ጥያቄ እናገኝበታለን። ለተጣለ ፍጡር የራራ ሰው፣ ያ ፍጡር ሌላውን ሲጎዳ ምን ኃላፊነት አለበት? ክፋት የሌለበትን ጥፋትስ መቅጣት ፍትሕ ነውን?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ድርጊቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ቡችላ ወደ እርሱ የተመለሰችውን እናቱን የሚቀበለው ወደ አፏ ተንጠራርቶ በመላስ ነው። ሰውንም ሲቀበል ፊቱን ይፈልጋል፤ የሰው ፊት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ይዘልላል። የጥርሱን ኃይል መመጠን የሚማረው ደግሞ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ጮኾ ጨዋታውን ይተዋልና። ያለ ጊዜው ከእናቱ የተለየ ቡችላ ይህ ትምህርት ሊጎድልበት ይችላል። ጆን ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ውሻ ከሰው ጋር ለመላመድ ልቡ ክፍት የሚሆንበት ዋነኛ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። ይህን ዕድሜ በጎዳና ላይ በረኃብና በድንጋይ ውርወራ መካከል ያሳለፈ ውሻ የሰላምታን ወግ ከማን ሊማር ይችል ነበር? በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ከዋለ፣ የተጠራቀመው ጉልበቱ ሁሉ በተፈታ ጊዜ ፊቱ ባገኘው ሰው ላይ ይፈስሳል።

ስለዚህ ይህ ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ያጣ ደስታ እንጂ ክፋት አይደለም። ደስታው በራሱ ነውር የለበትም። ቅዱስ ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን በተረጐመው መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 11፣ ከጦብያ ጋር ተጉዞ የነበረው ውሻ ወደ ቤት ሲመለሱ ቀድሞ ሮጦ ጭራውን በመቁላት ደስታውን እንደ ገለጠ ተጽፎአል። የጎደለው ልኩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከሁለት ስሕተቶች መራቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዱላ ነው። ውሻ የተመታበትን ምክንያት እንደ ሰው አያሰላስልም። ተቆጥተነው ጆሮውን ጥሎ ዓይኑን ሲሰብር «ጥፋቱን ዐውቋል» እንላለን። ነገር ግን አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ያ መልክ የሚመጣው ከባለቤቱ ቁጣ እንጂ ከውሻው ጥፋት እንዳልሆነ አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ መልክ አሳይተዋልና። ጥፋቱን የማያውቀውን መደብደብ የፍትሕ ስም ሊሰጠው አይችልም። ጠቃሚም አይደለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚመታ ውሻ፣ የእንግዳ መምጣት ሕመም እንደሚያስከትል ይማራል፤ ትናንት በደስታ የዘለለው ነገ በፍርሃት ሊነክስ ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት ልቅነት ነው። «መጫወቱ ነው፤ ይወዳችኋል» ብለን እንግዳውን እናባብላለን። አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላሉ፤ ንፍጡን የሚጠርግለትም የሚወደው ሰው ነው። ምርኩዝ ይዘው የመጡ አሮጊት በውሻ ግፊት ቢወድቁ ለረጅም ጊዜ የአልጋ ቁራኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕፃን ልጅ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። ውሻ የሚፈራ ሰውም ፍርሃቱ መሳቂያ ሊሆን አይገባም፤ በራችንን አምኖ የመጣ እንግዳ ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ይህ በሽታ በሰው ላይ ከሚደርስባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆኑት በውሻ አማካይነት የሚመጡ ናቸው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለሆነም ከመንገድ የተነሣን ውሻ ማስከተብ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ጥርሱ የሰውን ቆዳ ከጫረም «ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ አይፈቀድም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁለቱ ስሕተቶች የሚለየው መንገድ መግራት ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር እንደ ተረዳው፣ እንስሳ መልካም ውጤት ያገኘበትን ድርጊት ይደጋግማል፤ ውጤት ያላገኘበትን እየተወ ይሄዳል። ለሚዘልል ውሻ ውጤቱ የእኛ ትኩረት ነው። በእጃችን ስንገፋው ግብግቡ ጨዋታ ይሆንለታል፤ ስንጮኽም ግርግሩን እናባብሳለን። ሳናውቀው ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን።

ሥራው የሚጀምረው እንግዳው ከመግባቱ በፊት ነው። ውሻው አስቀድሞ በእግር ጉዞ ጉልበቱን ቢያወጣ መልካም ነው። በሩ ሳይከፈት በገመድ ይያዝ፤ እንግዳውንም «አይነካችሁም» ከማለት ይልቅ «ጥቂት ይታገሡ፣ ልያዘው» እንበል። ውሻው ሲዘልል ማንም አያናግረው፤ ዓይኑንም አይመልከተው፤ እጁን ሰብስቦ ፊቱን ያዙርና ገመዱ ከማይደርስበት ስፍራ ይቁም። አራቱ እግሮቹ መሬት በረገጡ ቅጽበት ግን በረጋ ድምፅ ይመስገን፤ ቁራሽ ዳቦም ከእግሩ ሥር ይጣልለት። ምግብ ፍለጋ ወደ መሬት ያቀረቀረ ውሻ በዚያው ጊዜ ሊዘልል አይችልም። እጅ መልቀም የለመደውን፣ እጃችንን በኃይል ብንነጥቀው ይብሱን ይነሣሣል፤ እጃችንን አርግተን በምትኩ የሚይዘው የተቋጠረ ጨርቅ ብንሰጠው ይሻላል። ልምምዱ በሚያውቁት አዋቂዎች ይጀመር እንጂ በሕፃናት አይሞከር። ሰውነቱን አድርቆ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ነገሩ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያሻል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝለሉ ሊብስ ይችላል፤ እስከ ትናንት ያዋጣው ነገር ዛሬ ሲቀርበት አብልጦ ይሞክራልና። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ራርቶ ቢያቅፈው የሁሉም ድካም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዴ የሚሳካ ልማድ ፈጽሞ ከማይሳካው ይልቅ ሥር ይሰድዳልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትዕግሥትና የቤተሰብ አንድነት ያስፈልጋሉ። እንግዲህ ሥርዓት መያዝ ያለበት በቅድሚያ ማን እንደ ሆነ ልብ እንበል። ውሻው ከመለወጡ በፊት ቁጣችንን፣ ችኮላችንንና ያለ ቦታው የሚመጣ ርኅራኄያችንን የምንገዛው እኛ ነን።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ለእንስሳት መራራትን የለመደ ሰው ለሰዎችም ለመራራት ይበልጥ የተዘጋጀ እንደሚሆን አስተምሮአል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2416 እና 2418 ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል፦ ለእንስሳት ደግነት ይገባቸዋል፣ ያለ ምክንያት እነርሱን ማሠቃየትም የሰውን ክብር ይፃረራል፤ ለሰው ብቻ የሚገባው ፍቅር ግን ለእነርሱ ሊሰጥ አይገባም። ስለዚህ የውሻችንን ደስታ በእንግዳችን ሥጋት መግዛት አይገባንም።

«ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ውሻ ጠባይ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው አንድ ገመድ፣ ቁራሽ ዳቦና ትዕግሥት ነው፤ ክትባቱም ከውሻው ይልቅ ለጎረቤት ልጅ ደኅንነት የሚደረግ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለሕፃናት ስታስተምሩ ልዩነቱንም አስረዱ። ውሻ በልማድ ይገራል፤ ልጅ ግን ምክንያቱን እንዲረዳና በነፃ ፈቃዱ መልካሙን እንዲመርጥ ይመከራል። ሆኖም ልጆች በበራችን ላይ ለደካማ ፍጡር የምናሳየውን ትዕግሥት ወይም ጭካኔ አይተው ይማራሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንግዳ በመጣ ጊዜ ከቶ የማይረጋ ውሻ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ወደ ጎዳና መመለስ አደጋውን ለጎረቤት ማስተላለፍ ነው። ከአቅማችን በላይ ከሆነ በደንብ ሊይዘው ለሚችል ሰው ጠባዩን ሳንደብቅ እንስጥ፤ በእኛ ዘንድ ከቆየም ሰው በሚገባበት ሰዓት ሁሉ ከእንግዳ ተለይቶ፣ ውኃና ጥላ ባለበት ስፍራ ይቆይ። በሩን ደጋግሞ መዝጋት፣ ገመዱን ደጋግሞ መያዝ የሚያሰለች ሥራ ነው። ከመንገድ ባነሣነው ዕለት የጀመርነው ምሕረት ግን የሚፈጸመው በዚህ ሥራ ነው።