የትንቢትን ቃል እንዴት እንመርምር?

አንባቢ ሆይ፥ የጦርነት ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ ረኃብና ቸነፈርም በተነሣ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች ትንቢተ ዳንኤልንና የዮሐንስን ራእይ ገልጠው ዘመንን መቍጠር ይጀምራሉ። ወሬው ጸጥ ባለ ጊዜ ግን መጽሐፉን መልሰው ይከድኑታል። ትንቢትን መመርመር መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካሙን ነገር በመልካም መንገድ ያልያዘ ሰው ራሱንም ባልንጀራውንም ይጎዳል።

ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰምቼ አይደለም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘመን ቍጥርን ከቍጥር እየደመርሁ ጌታ የሚመጣበትን ዓመት ያገኘሁ መሰለኝና ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ በድፍረት ነገርኋቸው። ዓመቱ መጣ፤ ዓመቱም አለፈ። ሽማግሌውም በቍጣ ሳይሆን በኀዘን፥ «ልጄ፥ ይህ ሐሰት ከሆነ ስለ ኃጢአት ስርየት የነገርኸኝን በምን ልመነው?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። በትዕቢቴ የወንጌልን በር በፊታቸው እንደ ዘጋሁ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከእኔ የሚበልጡትንም ሰዎች አግኝቷል። በአሜሪካ አገር ዊልያም ሚለር የሚባል፥ መጽሐፍ ቅዱስን በትጋት የሚያነብ አንድ ገበሬ ነበረ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ቍጥር 14 የተጻፈውን 2300 ቀን እያንዳንዱን እንደ ዓመት ቈጥሮ፥ ጌታ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ገደማ ይመጣል ብሎ ሰበከ። ያም ባለፈ ጊዜ ተከታዮቹ ቀኑ በፈረንጆች ጥቅምት 22 ቀን 1844 ዓ.ም. ነው አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ ተዉት። ያ ቀን ግን እንደ ሌላው ቀን መሽቶ ነጋ፤ ብዙዎችም አለቀሱ። ትጋት አልጐደላቸውም፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ለአብ ብቻ የተወውን ለማወቅ ስለ ደፈሩ ግን ተሳሳቱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመህ ነቢዩ በዘመኑ ለነበሩት ሰዎች ምን እንደ ተናገረ ጠይቅ። ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ የባቢሎን ቀንበር በ2 ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኘ። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ልኮ 70 ዓመት እንደሚሆን ነገራቸው፤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልትም እንዲተክሉ፥ ለዚያች ከተማ ሰላም እንዲጸልዩም አዘዛቸው። እነሆ ልዩነቱን ተመልከት፤ የሐሰት ትንቢት እጅን ከሥራ ያስፈታል፥ እውነተኛው ትንቢት ግን ሰውን በትዕግሥት ያሠራል።

ሁለተኛም፥ በትሕትና አንብብ። ዳንኤል በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው ይህንኑ የ70 ዓመት ቃል ከመጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ፥ ዘመኑን ዐወቅሁ ብሎ አልተመካም፤ ማቅ ለብሶ፥ በአመድ ላይ ሆኖ፥ የራሱንና የሕዝቡን ኃጢአት ተናዘዘ። ምርመራህ ወደ ጸሎት ካላደረሰህ ገና አላስተዋልህም።

ሦስተኛም፥ ክርስቶስን ፈልግ። መጽሐፍ የኢትዮጵያ ንግሥት የሚላት የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ፥ የገንዘብ ሁሉ አዛዥ ሳለ፥ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አስተውላለሁ ማለትን አላፈረም። ፊልጶስም ከዚያው ክፍል ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት እንጂ የዘመን ቍጥር አላስተማረውም። ጃንደረባውም ተጠምቆ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ።

በመጨረሻም፥ ያወቅኸውን አድርግ። ሄሮድስ መሢሑ ወዴት እንዲወለድ በጠየቀ ጊዜ፥ ጻፎች ከትንቢተ ሚክያስ ጠቅሰው ቤተ ልሔም ነው ብለው በትክክል መለሱ። ሊሰግዱለት የሄዱት ግን ከሩቅ አገር የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው፤ ጻፎቹ ሄዱ የሚል ቃል አልተጻፈም። ትንቢቱን በአፋቸው ይዘው፥ በቅርባቸው ያለውን ንጉሥ ሳያዩ ቀሩ።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ የጌታን መምጣት በእውነት የምትጠብቅ እንደ ሆነ፥ ቀኑን ከመቍጠር ይልቅ ዛሬ ያለብህን ዕዳ ክፈል፤ ከተጣላኸው ባልንጀራህ ጋር ታረቅ፤ በእጅህ ያለውን ሥራ በታማኝነት ፈጽም። ጌታ በመጣ ጊዜ ዓመቱን ዐውቀህ እንደ ነበረ አይጠይቅህም፤ የሰጠህን አደራ ግን ይጠይቅሃል። በዚያን ቀን ሳናፍር በፊቱ እንድንቆም እርሱ ይርዳን። አሜን።