ይንገራት ወይስ ዝም ይበል?

ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት እንዳለች እናስብ። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ሆነ፤ የናሙናው ውጤትም «ኸር-ቱ ፖዘቲቭ» ይላል። ሐኪሟ ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር የተሠራ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት እንዳለ ያውቃል። እሷ ልትገዛው እንደማትችልም ይገምታል። ይንገራት?

ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሴል ሁሉ ነው የሚመታው፤ ፀጉር የሚረግፈውም ለዚህ ነው። ትራስቱዙማብ ግን ኸር-ቱ የተባለውን ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ይህ ፕሮቲን በዝቶባቸው ይገኛል። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል አስገባው፤ በ2019 ደግሞ በሌሎች ኩባንያዎች የሚመረተውን ተመሳሳዩን ሲያጸድቅ፣ የዋናው የዓመት ወጪ በአማካይ 20,000 ዶላር እንደሆነ፣ ተመሳሳዩ 65 በመቶ ያህል እንደሚረክስ ተናገረ። ቀሪው 7,000 ዶላር ነው። ለኮንዶሚኒየም ተከራይ «ረከሰ» የሚባለው ይሄ ነው እንግዲህ!

ዝም ይበል የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ልጆቿ ቤት ይሸጣሉ፣ ይበደራሉ፣ እሷም በጸጸት ትሞታለች ይላሉ። «ባህላችንም አይፈቅድም» ሲሉ ግን አልስማማም። እኛ እኮ መርዶ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ዘመድ እስኪሰበሰብ እንጠብቃለን፣ ማልደን እንሄዳለን፣ ሰው አጠገቧ እናስቀምጣለን፤ ከዚያ እንነግራለን። ማቆየትና መደበቅ ለየቅል ናቸው።

ደግሞስ የምትችለውንና የማትችለውን ማን ነው የለካው? ሐኪሙ ጫማዋን አይቶ ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያለች እህቷን፣ እቁቧን፣ የእድሯን ሰዎች አያውቅም። ምርጫውም «ሙሉውን ወይ ምንም» ብቻ አይደለም። የተለመደው በየሦስት ሳምንቱ እየተሰጠ ዓመት የሚዘልቅ ሕክምና ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ገና በመነሻ ደረጃ ላይ ያሉ 4,000 ገደማ ሴቶች የተሳተፉበት ፐርሰፎን የተባለ ጥናት ግን ስድስት ወሩ ከዓመቱ ብዙም እንደማያንስ አሳይቷል፤ ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ያነሰ ነበር። «ግማሹስ ይበቃኛል ወይ?» ብላ ለመጠየቅ መጀመሪያ ስሙን መስማት አለባት።

ፔምብሮሊዙማብ ላይ ስደርስ አቋሜ ይላላል። የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ ኢሚውኖቴራፒ ነው፤ ሆርሞንም ኸር-ቱም ለማይገኝበት የጡት ካንሰር ይሰጣል፤ ዋጋው ከትራስቱዙማብም የባሰ ነው፤ ርካሽ አቻ መጠበቅም ሌላ ጉዳይ ነው። ከጠየቀችው ይንገራት እላለሁ። ካልጠየቀችውስ? እዚህ ላይ ከአንድ ሐኪም ጓደኛዬ ጋር እስካሁን አልተግባባንም። እሱ «ሳትጠይቀኝም እነግራታለሁ፣ ግን በዚያው ቀን አይደለም» ይላል።