ሌንሱን ውኃው ይምረጥልሽ

ልጄ፣ የጉማራን ወንዝ ዓሣ በሕይወት ሳለ፣ በገዛ ውኃው ውስጥ ፎቶ ላነሣው ነው፤ ለዚህ የትኛው ሰፊ ማዕዘን ዙም ሌንስ ይሻለኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። የእስቴ ልጅ ካሜራዋን ወደ ወንዙ ሆድ ልታስገባ ስታስብ መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። የማውቀውን ሳልሰስት ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ውኃ ውስጥ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ የሚገዛው ሰፊ አገር ለማሳየት አይደለም፤ ለመቅረብ ነው። ጉና ተራራ ላይ ቆመሽ የጋይንትን ሜዳና የስማዳን ገደል በአንድ ፎቶ ልታስገቢ ብትፈልጊ፣ ሰፊው ሌንስ ሩቁን ሁሉ ይሰበስብልሻል። ውኃ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። በአንቺና በዓሣው መካከል ያለው እያንዳንዱ ስንዝር ውኃ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ቀለሙን ይበላል፣ ጥራቱን ያደበዝዛል። መድኃኒቱ መካከል ያለውን ውኃ ማሳነስ ነው፤ ያለ ሰፊ ሌንስ ደግሞ ቀርበሽ ዓሣውን ሙሉውን ማስገባት አትችይም።

የእኛን ውኃ አስቢው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ሥሩን ያማስለዋል። ጉማራና ርብ ደግሞ ከጉና ተዳፋት የታጠበውን አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሱበታል። በብዙ ቦታ ከአንድ ሜትር ብዙም አሻግረሽ አታይም። ግማሽ ሜትር የሚያህል ነጭ ዓሣ (በርባስ) በተራ ሌንስ ሙሉውን ላንሣ ካልሽ ወደ ኋላ መሸሽ አለብሽ፤ ስትሸሺ ዓሣው ጭቃው ውስጥ ይጠፋል። ለጠራው ቀይ ባሕር ጥሩ ሌንስ መምረጥ ምቾት ይጨምራል፤ ለጣና ግን ፎቶ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ስለዚህ በጠራ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች የሚያወድሱትን ሁሉ በችኮላ እንዳለ አትቀበይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ካሜራው ውኃ የማያስገባ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሃውዚንግ ይሉታል። ሌንሱ የሚያይበት መስታወት ፖርት ነው። ዱላሽን ወንዝ ውስጥ ስትከቺ የተሰበረ የሚመስልሽ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነው። ፖርቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ይኸው መታጠፍ ዕይታውን በ1.33 እጥፍ ያጎላዋል፤ ብዙ ብር የከፈልሽበት ስፋት ይጠባል፣ በጠርዙ ላይም ቀለም ይረጫል። ለሰፊ ሌንስ ጉልላት የመሰለው ዶም ፖርት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዶሙ ስፋቱን ይመልስልሻል፤ የራሱን ዕዳም ያመጣል። በዶም በኩል ሩቅ ያለው ሁሉ ለሌንሱ የሚታየው ከዶሙ ፊት፣ የዶሙን ሬዲየስ ሦስት እጥፍ ያህል ርቀት ላይ ነው። ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማዶ ያለው ዳገት እንኳ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ቅርብ ያለው ዓሣ ከዚያም ይቀርባል። ስለዚህ ሌንስ ስትመርጪ መጀመሪያ የምታነቢው ቁጥር በምን ያህል ቅርበት ፎከስ እንደሚያደርግ የሚናገረውን ነው። ግማሽ ሜትር ድረስ ብቻ የሚቀርብ ሌንስ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከዶም ኋላ ዕውር ነው።

ሁለት ዓይነት ሰፊ ዙሞች አሉ። አንደኛው ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያሳየው ነው፤ በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 16–35 ሚሊ ሜትር የሚባለው ዓይነት። ይህ ሌንስ ዶሙ የሚሠራውን የታጠፈ ምስል ስለማይወድ ማዕዘኖቹ ይደበዝዛሉ። ለማዳን አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 እና ከዚያም በላይ ማጥበብ፣ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ትልቅ ዶም መግጠም ያስፈልጋል። ትልቅ ዶም ውድ ነው፤ በውስጡ የያዘው አየርም ውኃ ውስጥ ወደ ላይ እየሳበ የእጅሽን አንጓ ያደክመዋል።

ሁለተኛው ፊሽአይ ዙም ነው። መስመሩን ያጎብጣል፤ ዓሣ፣ ድንጋይና አረም ግን ቀጥ ያለ መስመር ስለሌላቸው ጉብጠቱ አይታወቅም። በጣም ይቀርባል፣ በትንሽ ዶምም ይሠራል። ቶኪና የሠራው 10–17 ሚሊ ሜትር ለብዙ ዓመታት የጠላቂ ፎቶ አንሺዎች ምርጫ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ከ180 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ያያል፤ 14 ሴንቲ ሜትር ድረስም ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል። የዙሙ ጥቅምም እዚህ ላይ ይገባሻል። ውኃ ውስጥ ሌንስ መቀየር አይቻልም። ዓሣው ደፋር ከሆነ በ10፣ ፈሪ ከሆነ በ17 ታነሺዋለሽ። የካኖንና የኒኮን 8–15 ፊሽአይዎችም ግሩም ናቸው፤ ነገር ግን በፉል ፍሬም ላይ አንደኛው ጫፍ ክብ ምስል ስለሚሰጥ ዙሙ የሚጠቅምሽ በጥቂቱ ነው።

ምክሬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ያገለገለ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ፣ 10–17 ፊሽአይ ዙም፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ዶም። ይህን የምልሽ ዋጋው ስለሚቀል ብቻ አይደለም። ነጭ ዓሣ ለመራባት ከጣና ወጥቶ ወደ ጉማራ ገባሮች የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ዕንቁላሉን የሚጥለውም ንጹሕ ጠጠር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውኃ ላይ ነው። እዚያ ትልቅ ዶም መሬት ይነካል፤ ትንሹ ይገባል። ዶሙን አክሪሊክ አድርጊው። ድንጋይ ቢጭረውም ጭረቱን ውኃው ይሸፍንልሻል፤ ሲብስ ማለስለስ ይቻላል። ግማሹ ከውኃ በላይ ግማሹ ከውኃ በታች የሆነ ፎቶ፣ ከላይ የደንገል ታንኳውንና ቀዛፊውን ከታች ዓሣውን የሚያሳይ፣ የፈለግሽ ዕለት ግን ትልቅ ዶም ተዋሺ፤ የውኃው መስመር በትልቁ ላይ ቀጭንና ጥርት ያለ ይሆናል።

ገንዘቡ ካልደረሰ በሬ አታሸጪ። ትንሿን አክሽን ካሜራ ጠጠር ላይ በድንጋይ አስደግፈሽ አስቀምጪና ራቂ። ሰፊ ሌንሷ በውስጧ ነው፤ ከሰው የሸሸው ዓሣ ወደ እሷ ይመጣል። ከውጭ የሚልክልሽ ዘመድ ካለ ደግሞ ካሜራ፣ ሃውዚንግ፣ ፖርትና ሌንስ እርስ በርስ መግጠማቸውን አረጋግጠሽ እንደ አንድ ዕቃ እዘዢ። ሌንሱ ብቻውን መጥቶ የሚገጥመው ፖርት ከታጣ ገንዘቡ ሞተ። ዕቃው ሲደርስም ካሜራውን ሳታስገቢ ባዶውን ሃውዚንግ ውኃ ውስጥ ዘፍቂው፤ የላስቲክ ቀለበቱ ላይ አንዲት ፀጉር ብትገኝ ውኃ ይገባል።

ስለ ብርሃን። በጠራ ባሕር መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ነው፤ አፈር በበዛበት ውኃ ግን ሰማያዊው ቀድሞ ይሟጠጣል፤ ፎቶሽ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሥሪ። ፍላሽ ካስፈለገሽ ከካሜራው ግራና ቀኝ አርቀሽ፣ ከዶሙም ወደ ኋላ አድርጊው። ፊት ለፊት ካበራሽው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አፈር ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ፎቶውን ይሸፍነዋል።

ስለ ራስሽም ልንገርሽ። ከወንዙ አፍ ጉማሬ ስላለ የአገሩን ዓሣ አጥማጅ ሳታስከትይ አትግቢ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በአየር ጋን የምትጠልቂ ከሆነ ለባሕር የተሠራው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ አይሠራልሽም፣ የከፍታ ቦታውን ተማሪ። ቢልሃርዝያም ስላለ ከሥራሽ በኋላ ተመርመሪ። ጠጠሩን አትርገጪ፤ ዕንቁላሉ ከሥሩ ነው። ዓሣው የሚሰበሰብበትን ትክክለኛ ቦታም ከፎቶው ጋር አትንገሪ፤ መረብና ዓሣ የሚመርዝበትን የብርብራ ፍሬ ይዞ የሚመጣ አለና።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምመክርሽ ዓሣው የእኛ ብቻ ስለሆነ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥለው የኖሩት የጣና በርባሶች በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሏቸው፤ ቢያንስ 7ቱ ወደ ወንዝ ወጥተው ይራባሉ። በእነ ማርቲን ደ ግራፍ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ብዛታቸው በ75 በመቶ ቀንሷል፤ ዓሣው ለመራባት ሲወጣ ከወንዙ አፍ ላይ በመረብ መጠበቁ ዋናው ምክንያት ነው። እኔ ያየኋቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ የሞተ ዓሣ ናቸው። የሞተውን አይቶ ማንም አይሳሳለትም።

ፎቶ ይሠራል፤ በገዛ አገራችን ወሰን አይተነዋል። በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው፣ ጎንደርንና ጎጃምን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ ለአሥርት ዓመታት እንደተሰበረ ኖረ፤ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ያ ሁኔታ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶ ሆኖ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ አየው፤ ተነሥቶ መጣ፤ ድልድዩ ተጠገነ፤ በዓለም ዙሪያ የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። የፎቶው ኃይል ሰውየውን፣ ገመዱንና የተሰበረውን ቅስት አንድ ላይ ማሳየቱ ነበር።

አንቺም ዓሣውን ከቤቱ ጋር አሳዪው። ጠጠሩ፣ የውኃው ፍጥነት፣ ከላይ የሚያርሰው ገበሬ፣ አፈሩ የሚወርድበት ዳገት፤ ሰፊው ሌንስ የሚፈለገው ይህን ሁሉ ከአንድ ስንዝር ርቀት ለመሰብሰብ ነው። በጋው ሳያልቅ ዕቃሽን አሟልተሽ በጠራ ኩሬ ውስጥ ተለማመጂ፤ ነሐሴ ሲገባ እጅሽ ዝግጁ ይሁን። ያነሣሽውንም መጀመሪያ ለከተማችን ለመካነ ኢየሱስ ተማሪዎችና ወንዙ አፍ ላይ መረብ ለሚጥሉት አሳዪ። የዓሣው ዕድል ያለው በእነሱ እጅ ነው።